ጨው ያልነካው መረቅ

ሟቹ ምላስ አልነበረውም።

ሳጅኑ በስልክ ሲነግራት መርማሪዋ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። «ደግመህ በል እስቲ» አለችው። ደግሞ ነገራት።

«ተቆርጦ ነው፣ እመቤቴ። ጠፍቶም አይደለም፤ እዚሁ ሳህን ላይ አለ። እኔ በበኩሌ ዛሬ እህል የሚባል በአፌ አይዞርም።»

ሳጅኑ እህል በአፌ አይዞርም ካለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው አባቱ በተቀበሩ ዕለት እንኳ ሁለት ጊዜ ምሳ የበላ ነው። መርማሪዋ ኮቷን አንስታ ወጣች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሰው የሚለፈልፈውን ሁሉ ዝም ብላ ትሰማና ስታንገዋልለው ቆይታ ገለባውን ለይታ ታስቀራለች ለማለት ነው። እሷ ግን ሲሏት ትስቃለች፤ «ወንፊት ማለት እኮ ቀዳዳ ብቻ ነው» ትላለች። በዚያ ላይ ጨጓራዋ በሽተኛ ስለሆነ በርበሬ ያለበት ነገር ካየች ከሩቁ ነው የምትሸሸው። እንግዲህ እግዜር ሲፈርድባት ከኮሪያ ምግብ ቤት ጓሮ ጣላት።

ሬሳው የተገኘባት የእንግዳ ክፍል አራት ሰው ከገባባት አምስተኛው የሚቆምበት የላትም። ወንበር የለም፤ እንግዳው ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደርጎለት ይቀመጣል፤ መሀል ላይ አንድ ዝቅተኛ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ሰውየው በጎኑ ወድቋል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ራስ ቅሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ድንጋዩ አጠገቡ ተጥሏል፤ የሁለት ጡጫ ያህል የሚሆን ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ነው። በርበሬና ደም ተቀላቅሎበት የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ሥጋ መቁረጫው ትልቅ መቀስ ከጠረጴዛው ሥር እንደተከፈተ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ከዋናው ምግብ ጋር የሚቀርቡ ሰባት ትንንሽ የማባያ ሳህኖች በተርታ አሉ። ስምንተኛው ሳህን ላይ ያለው ማባያ አይደለም፤ ምላሱ ነው።

«አውሬ ነው ይሄን ያደረገው» አለ ሳጅኑ ፊቱን አዙሮ።

«አውሬ ሳህን አይመርጥም» አለች መርማሪዋ።

ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ብቻ ማየት ጀመረች። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አለ። በሟቹ ፊት ያለው ነጭ የአጥንት መረቅ ይዟል፤ ግማሹ ተጠጥቷል። ከወዲያ ማዶ ያለው ግን ተጠርጎ አልቋል። ትንሿ የጨው ሳህን ከባዶው ሳህን ጎን ናት፤ ጨዉ ላይ የጣት ቁንጥጫ ሦስት ቦታ ጎድጉዷል። መርማሪዋ በማንኪያ ጫፍ ከሟቹ መረቅ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«ኧረ በሕግ! መርዝ ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«የሰው ራስ በድንጋይ የፈረከሰ ገዳይ መርዝ ምን ያደርግለታል?» አለችና ፊቷን አጨማደደች። «ጨው የለውም።»

ሟቹን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው «ቀማሹ» በሚል ስሙ ነው። በዚያች ከተማ ከስልሳ የማያንስ የኮሪያ ምግብ ቤት አለ፤ ደህናውን ከማይረባው መለየት ደግሞ ፍዳ ነው። አንዱ ጋ ሄደህ የላስቲክ ጫማ የመሰለ ሥጋ ታኝካለህ፣ ሌላው ጋ ጎመኑ ከትላንት ወዲያ ሞቷል። ስለዚህ «ጥሩ የኮሪያ ቤት የት አለ?» የሚል ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ የቀማሹን ዝርዝር እይ። በዓመት አንዴ የአሥር ቤት ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ቤት በር ላይ ሰው ይሰለፋል፤ የወጣው ቤት አስተናጋጆቹ ዝንብ ሲያባርሩ ይውላሉ። ዘንድሮ ደግሞ ዝርዝሩን መጽሐፍ አድርጎ ሊያሳትም ቀን ቆርጦ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ማዕድ ቤት ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሰባ የደረሰች ትንሽ ሴት ናት። ሰፈሩ «እማማ ጎመኔ» ይላታል፤ ኪምቺ የሚሉትን በርበሬና ጨው የተቀባ ጎመን በጋን እያሳደረች ስለምታኮመጥጥ ነው። ሙያውን ያስተማራት ሟች ባሏ ነው፤ እሱ ኮሪያዊ ነበር። ሽርጧ ደረቱ ድረስ ደም ሆኗል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት። «ልጄን እንዳትነኪብኝ።»

«እማማ፣ ስንት ጊዜ መቱት?»

«አንዴ።»

«ምላሱንስ በምን ቆረጡት?»

«በቢላዋ ነዋ! በምን ይቆረጣል ታዲያ?»

መርማሪዋ ሳጅኑን አየችው፣ ሳጅኑም አያት።

አዛዡ ግን በስልክ ሌላ ነገር አለ። «አምኛለሁ የምትል ሴት አለች፣ ድንጋዩ የሷ የጎመን መጫኛ ነው፣ ደሙ ሽርጧ ላይ ነው። ምን ቀረሽ? ከነገ ወዲያ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።» መርማሪዋ ስልኩን ዘግታ ለግድግዳው አንድ ስድብ ሰደበች። አሮጊቷ በዚህ ዕድሜዋ እስር ቤት ከገባች በእግሯ እንደማትወጣ አውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ጓሮ ወጡ። ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ፣ ቁጣዋ ግን ያልበረደ ሴት ናት።

«አንቺ ነሽ 'ምላስህን እቆርጠዋለሁ' ያልሽው?»

«አዎ ብያለሁ። ያለፈው ሳምንት፣ እንግዳ ሁሉ እየሰማ፣ መቀስ ወርውሬበት ሳትኩት። ምን ልደብቅ? ስናደድ አፌ አያርፍም እንጂ እኔ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቆሜ አላይም!»

«ምን ብሎሽ ነው?»

«'የእናትሽ እጅ አርጅቷል፤ ዘንድሮ ዝርዝሬ ውስጥ የላችሁበትም' አለኝ። እናቴ እኮ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን መረቅ ሳትጥድ የዋለችበት ቀን የለም! የተቀበረ ዕለት እንኳ ጥዳለች።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እኔ ያደረግሁት መስሏት ነው ያመነችው። እኔ ደግሞ ትላንት ገበያ ነበርኩ። ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ አላባበለቻትም። ለማባበል ጊዜ የላትም።

«ትላንት እንዴት እንደገባ ንገሪኝ።»

«ሁልጊዜ እንደሚገባው ነዋ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ እንግዳ አንቀበልም፣ ዕረፍት ነው። እሱ ግን በዚያ ሰዓት በጓሮ በር ነው የሚመጣው። ምግቡን አቅርበን እንጠፋለን። 'ቀምሼ እስክጨርስ ማንም ድርሽ እንዳይል' ይላል። እናቴ ፎቅ ወጥታ ጋደም አለች፤ አሥር ሰዓት ሳህን ልታነሳ ስትመጣ ወድቆ አገኘችው። ትንፋሽ ያለው መስሏት ራሱን ደግፋ አቀፈችው።»

«ብቻውን ነው የሚመጣው?»

«ብቻውን። ግን ሁሉንም ሁለት ሁለት ነው የሚያዘው። 'አንዱ ለአፌ፣ አንዱ ለፎቶዬ' ይላል። ለፎቶ የተባለውም ሁልጊዜ ተልሶ ነው የሚመለሰው። እኔማ ሆዳም ነው እል ነበር።»

«መረቁ ጨው የለውም እንዴ?»

ልጅቷ እንደ ተሰደበች ቀና አለች። «እኛ አንጨምርበትማ! የአጥንት መረቅ ወጉ እንደዚያ ነው። ጨዉ እንግዳው ፊት ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ እንደ አፉ ይጨምራል። አባቴ 'በሰው አፍ ገብቼ አልፈርድም' ይል ነበር። ያለ ጨው ግን ማንም አይጠጣውም፤ የድስት እጣቢ ነው የሚሆነው።»

«መቀሱስ? ከማዕድ ቤት የጎደለ መቀስ የለም።»

«የክፍሏ ነው። አባቴ የሠራው ጠረጴዛ መሳቢያ አለው፤ እጀታ ስለሌለው አይታይም። ገፋ ስታደርጊው ይወጣል። ማንኪያውም፣ መቀሱም፣ ጨዉም እዚያ ነው። ክፍሏ ውስጥ በልቶ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያገኘውም።»

ጓሮው ውስጥ አምስት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች በተርታ ተቀምጠዋል። የአራተኛው ክዳን ገደድ ብሏል። መርማሪዋ ትንፋሿን ይዛ አነሳችው። የበርበሬው ሽታ ዓይኗን አስለቀሳት። ጎመኑ ከጨው ውሃው በታች ተጭኖ ተቀምጧል፤ የተጫነበት ግን ድንጋይ አይደለም፣ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

«ይሄ የናንተ ነው?»

«ኧረ! ማነው ጎመን ላይ ፕላስቲክ የሚከት? እኛ መለዋወጫ ድንጋይ አለን፤ ይኸው።» ልጅቷ በጆንያ የተሸፈነ ቅርጫት ገለጠች፤ ስድስት ድንጋይ አለበት። «ግን ጠርሙሱ ባይኖር ጎመኑ ተንሳፍፎ አየር ሲነካው ይበላሽ ነበር። ማነው ያደረገልን?»

ከጎመኑ ጠርሙሱ ተወስዶ ተመረመረ፤ የጨው ውሃው አሻራ አላስቀረበትም። መርማሪዋ ግን አላዘነችም። «አንቺ» አለቻት ልጅቷን፣ «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትሽ የምትሠራውን መረቅ ሠርተሽ ጠብቂኝ። ለምን አትበዪኝ።»

ከዚያ «ባለ አዳራሹ» ወደሚሉት ሰው ሄደች። በከተማው ትልቁ የኮሪያ ምግብ ቤት የሱ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል፣ ጣዕሙን ግን የሚያወሳ የለም። ሰውየው ወፍራም ነው፤ ግራ ዓይኑ ሥር በልዟል።

«ቀማሹ ነው የመታኝ» አለ ሳይጠየቅ። «እኔም ሁለት ጥርሱን አነቃንቄለታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ሲያጠፋው ቆይቶ ያለፈው ሳምንት እዚሁ መጥቶ ፊቴ ላይ ሳቀ። ተቧቀስን። ሠራተኛ ገላገለን፣ ከዚያ ተቀምጠን ጠጣን፣ ታረቅን። እሱ መጽሐፉን በኔ አዳራሽ ሊያስመርቅ፣ እኔ ደግሞ የዝርዝሩ አንደኛ ልሆን።»

«በማን ቦታ?»

ባለ አዳራሹ አፈረ። «በእማማ ጎመኔ ቦታ ነዋ።»

«ትላንት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የእማማ ቤት ያለበት መንገድ ላይ ታይተዋል፣ ጋሼ።»

«ቤቱ መዘጋቱ አይቀርም ብዬ ቦታውን ላይ ሄጄ ነበር። ነውር ነው፤ ወንጀል ግን አይደለም። አንደኛ ሊያደርገኝ የተነሳን ሰው ለምን እገድላለሁ? እንዲያውም ልቅሶ መቀመጥ ያለብኝ እኔ ነኝ!»

«ገዳዩ ከጋኑ ድንጋይ ካነሳ በኋላ ጎመኑ እንዳይበላሽ ጠርሙስ ጭኖበት ሄዷል።»

ባለ አዳራሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ ብሆን ጋኑን በእርግጫ ነበር የምለው!»

መርማሪዋ ይህ ሰው እውነቱን እንደተናገረ አመነች። ደስ ግን አላላትም።

የቀረው የቀማሹ ታናሽ ወንድም ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ስድስት ዓመት ወንድሙን በመኪና ሲያመላልስ ኖሯል። ጣቢያ ድረስ በራሱ መጣ። ሳጅኑ ሻይ አቀረበለት።

«ትላንት የት ነበርክ፣ ወንድሜ?»

«መኪና ውስጥ ነዋ፣ ሌላ የት እሆናለሁ? ዳቦዬን ይዤ እቀመጣለሁ። እኔ የነሱን ምግብ እንኳን ልበላ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። በሕይወቴ አንድም የኮሪያ ቤት ገብቼ አላውቅም፣ እትዬ።» ሻዩን አንዴ ፉት አለና ቀስ አድርጎ መለሰው። «ይቅርታ፣ ቅጠሉ ሁለተኛ የተፈላ ነው አይደል?»

ሳጅኑ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሻይ ቅጠል ስላለቀ የጠዋቱን መልሶ አፍልቶት ነበር፤ ጣቢያው በሙሉ ጠጥቶታል፣ ማንም ምንም አላለም።

«ወንድምህ ታሞ ያውቃል?» አለች መርማሪዋ እንደ ዋዛ።

«የዛሬ ስድስት ዓመት ክፉ ትኩሳት ይዞት ሁለት ሳምንት ተኝቷል። ዳነ ግን።» ዓይኑን ከሻዩ ላይ አላነሳም።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ትንሿ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ደሙ ታጥቧል፤ ምንጣፉ ተነስቷል። ባለ አዳራሹ ከአንድ ወገን ትራስ ላይ እያቃሰተ ተቀመጠ፣ ወንድምየው ከማዶው፣ ሳጅኑ በሩ ላይ። ልጅቷ አራት ጎድጓዳ ሳህን መረቅ አምጥታ አስቀመጠች። ማንኪያ የለም። ጨው የለም። ልጅቷ መሳቢያውን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለቻት።

«ማንኪያስ?» አለ ባለ አዳራሹ።

«ይመጣል። ይህን መረቅ እማማ ናቸው የሠሩት፤ ከጠዋት ጀምሮ በፖሊስ ታጅበው» አለች መርማሪዋ። እማማ በእርግጥ እዚያው ነበረች፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ እጇ ታስሮ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ተቀምጣለች። ድስቱን ግን አልነካችም።

«እማማ ገድያለሁ ብለዋል» አለች መርማሪዋ። «ዋሽተዋል። አንዴ መታሁት አሉ፤ የተመታው ሦስቴ ነው። በቢላዋ ቆረጥኩ አሉ፤ የተቆረጠው በመቀስ ነው። ልጃቸውን ለማዳን ብለው ነው። እሺ፣ ልጅቷስ? ለሁሉም የሚበቃ ምላስ አላት፤ ግን ጋኑ ውስጥ ጠርሙስ አትጨምርም። መለዋወጫ ድንጋዩ የት እንዳለ ታውቃለች። እሷም እናቷም ቢሆኑ ኖሮ ጎመኑ ላይ ሌላ ድንጋይ ነበር የማገኘው።»

«ጎመን ጎመን ስትይ ዋልሽ» አለ ባለ አዳራሹ።

«ገዳዩም እንደኔ ነው፣ ጋሼ፤ ሰው ገድሎ ሲወጣ ጎመን ያሳሰበው ነው። ድንጋዩን ከጋኑ አነሳ፣ ገብቶ ጨፈጨፈ። ከዚያ በጓሮ ሲወጣ ጎመኑ ተንሳፍፎ አየ። እጁ ደም ሆኖ እንኳ ጥሎት መሄድ አልሆነለትም። እርስዎ 'ጋኑን በእርግጫ እለው ነበር' ብለውኛል፤ ስለዚህ እርስዎም አይደሉም። ይህ ሰው ምግቡን የሚወድ ሰው ነው። የቤቱ ሰው ያልሆነ፣ የቤቱን ምግብ ግን ከራሱ በላይ የሚወድ።»

መረቁ ይጨሳል።

«አሁን ወደ መረቁ እንምጣ። ቀማሹ ጨው ሳይጨምርበት ግማሹን ጠጥቷል። የከተማው ታላቅ የኮሪያ ምግብ አዋቂ የድስት እጣቢ እየጠጣ ነበር ማለት ነው! ለምን? ጣዕም ስለማይታወቀው ነው። ያ ትኩሳት ምላሱን ገድሎታል። ሰው ባለበት ቢሆን ግን ለወጉ ያህል ጨው ይነሰንስ ነበር፤ ስድስት ዓመት ከተማውን ያታለለ ሰው ይህን አይረሳም። ስለዚህ ትላንት ፊቱ የተቀመጠው ሰው ሊዋሽለት የማያስፈልገው ሰው ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ። ለፎቶ የተባለውን ሳህን ሁልጊዜ የሚጨርሰው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀማሹ የጻፈውን ሁሉ የቀመሰለት።»

«እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ» አለ ወንድምየው።

«ስምህን አልጠራሁም እኮ።»

ባለ አዳራሹ ግራ ሲገባው ጎድጓዳውን በሁለት እጁ አንስቶ ፉት አለ። «ያም ሆነ ይህ አሮጊቷ እጇ ያው ነው» አለ አፉን ጠርጎ። «የእማማ መረቅ ነው። ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ነው የሚሉት? በቃ፣ መጽሐፉ ላይም እንደዚያ ብሎ መጻፍ ነው» አለች መርማሪዋ።

«አይደለም» አለ ወንድምየው።

ቃሉ ያመለጠው ነው። ግን ካመለጠው በኋላ ሊያቆመው አልቻለም፤ ስድስት ዓመት የታፈነ ነገር ነበር። «ይሄ የእማማ እጅ አይደለም። እማማ አጥንቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል፣ ሦስቴ ውሃ ይለውጡለታል። ይሄ ሳይዘፈዘፍ ነው የተጣደው። ደሙ አልወጣም። አፍ ላይ ብረት ብረት ይላል፣ እንዴት አይታወቃችሁም?»

ሁሉም ያዩት አፉን አይደለም፤ እጁን ነው። ባለ አዳራሹ ማንኪያ የለውም። ሳጅኑም የለውም። ወንድምየው ግን ማንኪያ ይዟል። ፊቱ የጨው ሳህን አለ። መሳቢያው ከጠረጴዛው ሥር ተከፍቶ ጉልበቱን ነክቷል፤ መቼ እንደከፈተው እሱም አያውቅም።

«የኮሪያ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «ማንኪያውን ከየት አገኘኸው?»

ጠረጴዛው ወደ ላይ ተወረወረ። የፈላው መረቅ ሳጅኑ ደረት ላይ ተደፋ፤ ሳጅኑ ጮኸ። ወንድምየው ግን ወደ በሩ አልሮጠም። ባለ አዳራሹ ላይ ወጣበት። የተሰበረ ሳህን ስባሪ ይዞ ጉንጩን ከጆሮው እስከ አገጩ ሰነጠቀው። «አንተ ነህ! አንተ ነህ ያስገደልከኝ! የኔን ምላስ ላንተ ውሸት ሊያውለው!» እያለ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ባለ አዳራሹ በራሱ ደም ታፍኖ አንኮራፋ። መርማሪዋ የሰውየውን ፀጉር ከኋላ ጨብጣ ጎተተችው። ሳጅኑ እየተቃጠለ መጥቶ በጡጫ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ነው የታሰረው።

ወለሉ ላይ ተቀምጦ ደም እየተፋ ተናገረ። ደም የነካውን ኮቱን መንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥሎታል፤ ሄደው ሲያዩ እዚያው አገኙት።

«'ስሜን ከስምህ በታች አድርገው፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይም ቢሆን' ነበር ያልኩት። እሺ፣ እሱንም ይተወው። ግን የእማማን ቤት አውጥቶ የዚህን ሰውዬ ሊያስገባ! 'ወንድሜ፣ እባክህ፣ አፈር ስሆን፣ ይሄ መረቅ በከተማው አቻ የለውም፤ እኔ እኮ ቀምሼ ነው የምነግርህ' አልኩት። ሳቀ። መረቁን እየጠጣ ሳቀ። 'ምላስ ያለው ሁሉ ቀማሽ ነው እንዴ? አንተ ሾፌር ነህ፤ ሂድና መኪናውን አዙር' አለኝ። ላዞር ወጣሁ። ጋኖቹ ጋ ስደርስ ተመለስኩ።» ትንፋሹን ሳበ። «ከመታሁት በኋላ ደግሞ ያ ምላስ ታየኝ። ለምኑም አይሆነው። ቆርጬ ከማባያዎቹ ጋር አቀረብኩለት።»

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንደዚህ ግን ተናዳ አታውቅም።

«ለጎመኗ አዘንክ» አለችው። «እጅህ ደም ሆኖ ጠርሙስ ፈልገህ፣ ውሃ ሞልተህ ጫንክበት። ለእሷ ግን አላዘንክላትም። ሰባ ዓመቷ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርገህ፣ ነገ ጠዋት በሷ ላይ ሲፈረድ መኪና ውስጥ ሆነህ ዳቦህን ልትበላ ነበር።»

ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

መጋረጃው ተገለጠ። ፖሊሷ የእማማን እጅ ፈትታላታለች። አሮጊቷ መጀመሪያ ልጇን አየች። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «እማ፣ እኔ አይደለሁም አላልኩሽም?» አለች። «አላመንሽኝም!» እማማ ጀርባዋን እየመታች፣ «ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ አፍሽ ነው ያስጠረጠረሽ» ትላለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ወንድምየውን ሊወስዱት ሲያነሱት፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እማማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ስድስት ዓመት የቀማሹ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ አይታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ግባ ብላው አታውቅም። ወሰዱት።

ከአራቱ ጎድጓዳ ሳህኖች ሳጅኑ በሩ ጥግ ወለሉ ላይ ያስቀመጠው ብቻ ሳይደፋ ተርፏል። እማማ ማንኪያ ከወለሉ አንስታ በሽርጧ ጠረገች። ከመረቁ ቀመሰች።

«አጥንቱን ስንት ሰዓት ዘፈዘፍሽው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አልዘፈዘፍኩትም፣ እማ። ሰዓት አጣሁ። ነገ ይወስዱሻል ስላሉኝ ቸኮልኩ።»

እማማ በሩን አየች። «ያ ሰው እውነቱን ነው» አለች።

ማዕድ ቤት ገብታ የዋለውን ድስት በሙሉ ደፋችው። ሌላ አጥንት አወጣች፣ ሳፋ ውስጥ አድርጋ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችበት። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ውሃው ቀስ በቀስ ቀላ። እማማ ደፋችውና በሌላ ውሃ ተካችው። እሱም ቀላ፤ ከፊተኛው ግን ቀለል ብሎ ነው።

«ነገ በምሳ ሰዓት ነይ፣ ልጄ» አለች ዞር ሳትል። «ዛሬ ለሰው የሚቀርብ ነገር የለኝም።»